ኮምፒውተሩ በየጊዜው ፎርማት ለሚደረግበት ሰው የትኛው መከላከያ ይሻላል?

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለት ፕሪንተር። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ሲቪ የሚያስተካክል አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዝ አለ፣ የቤት ኪራይ ውል የሚያስጽፍ አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ዴስክቶፑን 4 ጊዜ ፎርማት አድርጌላቸዋለሁ። በሄድኩ ቁጥር አዲስ አንቲቫይረስ እጭናለሁ፣ እመክራለሁ፣ እመለሳለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ስልክ ይደወላል፦ "ኧረ ይሄ ነገር እንደገና ቫይረስ ገባበት።"

በአራተኛው ጊዜ ሥራዬን ጨርሼ አልሄድኩም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አየሁ። አንዲት ተማሪ ፍላሿን ሰጠቻቸው። ሰኩት። አንድ ፎልደር ብቻ ታየ። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ምልክቱ ላይ ከታች በግራ በኩል ትንሽ ቀስት አለች። ፎልደር አይደለም፣ ሾርትከት ነው። እሳቸው ክሊክ አደረጉት። የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ከታች በቀኝ ጥግ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሳያነቡት ዘጉት። አልከፈት ሲላቸው ወደ ሴቲንግ ገቡ፣ ጥበቃውን አጠፉት፣ የመጣውን ጥያቄ "ይስ" አሉት፣ እንደገና ከፈቱት። 20 ሰከንድ አይሞላም። እጃቸው መንገዱን ለምዶታል።

"ጋሼ፣ ለምን አጠፉት?" አልኳቸው።

"ልጅቷ ቆማ እየጠበቀችኝ እኮ ነው።"

እውነታቸውን ነው። እንጀራቸው ፋይል መክፈት ነው። ፋይል የማይከፍት ኮምፒውተር ለእሳቸው የተበላሸ ኮምፒውተር ነው። እኔ ለዓመታት ስጠይቅ የኖርኩት "የትኛው አንቲቫይረስ የበለጠ ይይዛል?" እያልኩ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ "ይህን መከላከያ ማን ሊያጠፋው ይችላል?" ብዬ ነው። የምትጠብቁት ሰው በ20 ሰከንድ የሚያነሳው መከላከያ፣ ለዚያ ሰው የለም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድራቸው በዚህ መለኪያ ነው።

በየት በኩል ይገባል?

ድሮ ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ ያስነሳ ነበር። ኦቶረን የሚባለው ነው። በፈረንጆቹ 2008 የተነሳው ኮንፊከር ከተሰራጨባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2011 ባወጣው አፕዴት በኤክስፒና በቪስታ ላይ ፍላሽ በራሱ መነሳቱን አስቀረው፤ ዊንዶውስ 7 ቀድሞ ዘግቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ የፍላሽ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ጣት ያስፈልገዋል። ስለዚህ እውነተኛ ፎልደሮችን ይደብቅና በምትካቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰውዬው ፋይሌን ከፈትኩ ሲል ቫይረሱን ያስነሳል። ብዙ ሰው "ፋይሌ ጠፋ" ብሎ ያለቅሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እዚያው ፍላሽ ላይ ተደብቆ ነው ያለው። ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የተደበቁ ፋይሎችን ገልጣችሁ እዩ።

ሁለተኛው በር ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ሳይከፍሉ ለመጠቀም ቁልፉን መስበር ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ከቴሌግራም ቻናል ይወርዳል፣ አብሮት አጭር ማስታወሻ ይመጣል። የመጀመሪያው መስመር ሁሌም ያው ነው፦ "አንቲቫይረስህን አጥፋ።" ሰውም ያጠፋል። ስቶፕ ወይም ጃቩ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ራንሰምዌር ብዙ ሰው ቤት የገባው በዚህ በር ነው። እንደ ሬድላይን ያሉት መረጃ ሰራቂዎችም እንደዚሁ። እነዚህ ድምፅ የላቸውም፣ ኮምፒውተሩን አያዘገዩም። ብራውዘር ላይ የተቀመጠ ፓስወርድ ይወስዳሉ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ መግቢያውን በፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ ያ ፋይል ከተቀዳ ሌባው ኮድ ሳይጠየቅ አካውንታችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በእናንተ ስም ለዘመድ ሁሉ "ትንሽ ብር ላክልኝ" ይላል።

ሦስተኛው በር ብራውዘር ነው። አንድ ገጽ "ቪዲዮውን ለማየት አላው በል" ይላል። ሰው "አላው" ሲል ኖቲፊኬሽን ፈቀደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥጉ ላይ "ኮምፒውተርህ ላይ 5 ቫይረስ ተገኝቷል" እያለ ይነዘንዛል። ይሄኛው ራሱ ቫይረስ አይደለም። ግን ወደ ቫይረስ ይወስዳል።

ሦስቱም በሮች የሚከፈቱት ከውስጥ ነው። ይህን ይዛችሁ ወደ አማራጮቹ እንሂድ።

የሚከፈል አንቲቫይረስ ወይስ ዲፌንደር?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። መልሴ አጭር ነው። ለዚህ ዓይነት ሰው ልዩነቱ ገንዘቡን ያህል አይደለም። ዲፌንደር ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር በነፃ የሚመጣ ጥሩ አንቲቫይረስ ነው። ጋሼ ቤት እኮ ቫይረሱን ይዞት ነበር፤ ያስለቀቁት እሳቸው ናቸው።

የሚከፈልበት የሚያሸንፍበት አንድ ነገር አለ። እንደ ኢሴት ያሉት ሴቲንጋቸው በፓስወርድ ይቆለፋል። ከገዛችሁ ለዚህ ብላችሁ ግዙ፣ ፓስወርዱንም እናንተ ያዙት። ካልቆለፋችሁት ግን ከዲፌንደር በዚህ በኩል አይለይም።

ከቴሌግራም የተገኘ የአንቲቫይረስ ክራክ ግን ፈጽሞ አትጫኑ። ቤት ጠባቂ ከሌባ ሰፈር እንደመቅጠር ነው። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫንም አይጠቅምም፤ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል።

አድሚን ያልሆነ አካውንት

ዊንዶውስን ላለመልቀቅ ለወሰነ ሰው ከሁሉ የምመርጠው ይሄን ነው። ዋጋው ዜሮ ነው፤ ጊዜው ግማሽ ሰዓት። አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው በአድሚን አካውንት ነው። ለዚህ ነው ጋሼ "ይስ" ሲሉ ሁሉም የሚፈቀደው። አካውንቱ ስታንዳርድ ሲሆን ያው ጥያቄ ፓስወርድ ይዞ ይመጣል። ፓስወርዱ እናንተ ጋ ነው። ዲፌንደርን ማጥፋት አይቻልም። ወደ ሲስተሙ የሚገባ ክራክም አይጫንም።

ስትሠሩት ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ አዲስ የአድሚን አካውንት ፍጠሩ። በእሱ ገብታችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ከዚያ የባለቤቱን አካውንት ወደ ስታንዳርድ ቀይሩ። የድሮ ፋይላቸው፣ ዴስክቶፓቸው፣ ፎቶአቸው ባለበት ይቆያል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሰው አዲስ ነገር ያየ ሳይመስለው ይቀጥላል።

ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያለበት ቢሮ ከሆነ ሳትሄዱ ሞክሩት። በአዲሱ ሁኔታ ክፈቱት፣ አንድ ደረሰኝ መዝግቡ፣ ፕሪንት አድርጉ። ፓወር ግዕዝም ካለ አማርኛ ጻፉበት። ይህን ሳታዩ ከሄዳችሁ በማግስቱ ጠዋት ይደወልላችኋል።

ጉድለቱን ልናገር። ስታንዳርድ አካውንት ሁሉንም አያግድም። መረጃ ሰራቂዎቹ አድሚን መሆን አያስፈልጋቸውም፤ የሚፈልጉት ፓስወርድና ፋይል ያለው እዚያው ሰውዬው አካውንት ውስጥ ነው። ራንሰምዌርም የሰውዬውን ሰነዶች ሊቆልፍ ይችላል። ስለዚህ ይሄ ሰፊውን በር ይዘጋል እንጂ መስኮቱን አይዘጋም።

ዊንዶውስ 11 ከሆነ መስኮቱን ለማጥበብ ስማርት አፕ ኮንትሮል የሚባለውን እዩ። የማይታወቅ ፕሮግራም እንዳይነሳ ይከለክላል። ከዚህም የጠበቀው ኤስ ሞድ ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጪ ምንም አይጫንም። ግን ፒችትሪም ፓወር ግዕዝም አይሠሩበትም። ደግሞ ከኤስ ሞድ አንዴ ከወጣችሁ መመለስ የለም። ለተማሪ ልጅ ጥሩ ነው፣ ለቢሮ አይሆንም።

ሲጠፋና ሲበራ የሚመለሰው፦ ዲፕ ፍሪዝ

ኢንተርኔት ካፌ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ዴስክቶፕ ላይ ፋይል ታስቀምጣላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋና ይበራል፣ ፋይሉ የለም። ቫይረሱም የለም። ፋሮኒክስ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ የሚሸጠው ዲፕ ፍሪዝ ይህን ነው የሚሠራው፤ ሲስተሙን "ያቀዘቅዘዋል"። ማይክሮሶፍት ራሱ ለኤክስፒና ለቪስታ ስቴዲስቴት የሚባል ነፃ መሣሪያ ነበረው፤ በ2010 መጨረሻ አቆመው። የዊንዶውስ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን እትሞች ላይ ዩኒፋይድ ራይት ፊልተር የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ።

ስንት ሰው የሚነካካው ኮምፒውተር ከሆነ ይህን የሚያህል የለም። የሚጠቀመው ሰው "ይስ" ይበል፣ ሁሉንም ይጫን፣ ማታ ሲያጠፋው ያልፋል።

ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የሚቀመጥ ሥራ ባልቀዘቀዘ ክፍል፣ ለምሳሌ ዲ ድራይቭ ላይ መቀመጥ አለበት። ሰው ይረሳል። የሦስት ቀን ጽሕፈት ዴስክቶፕ ላይ ትቶ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋ ሰው ካለ ጉዳቱ ከቫይረሱ ይብሳል። ያ ያልቀዘቀዘ ክፍል ደግሞ ለራንሰምዌር ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣው የሚያድነው ከነገ ነው፣ ከዛሬ አያድንም። ጠዋት የገባ ሰራቂ ማታ ከመጥፋቱ በፊት ፓስወርድ ሊልክ ይችላል። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የባንክ ሥራ አይሠራ።

ሊነክስ ሚንት

ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ማሽን አይቀበለውም። የጋሼ ላፕቶፕ ከነዚያ አንዱ ነው። 4 ጊጋ ራም አለው፤ ሊነክስ ሚንት በደንብ ይሠራበታል። ሚንት በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው። 22 የሚለው እትም እስከ 2029 አፕዴት ይደርሰዋል።

ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ እዚህ ላይ እንዲሁ ክሊክ ስላደረጋችሁት አይነሳም። ሾርትከቱን ብትነኩት የትም አይወስዳችሁም። ደስ የሚለው ሌላው ነገር፣ ዊንዶውስ ላይ የተደበቁት ፎልደሮች እዚህ በግልጽ ይታያሉ። "ፋይሌ ጠፋ" ያለችው ተማሪ ፍላሿን ሚንት ላይ ስትሰካ ሁሉም ተደርድሮ ታገኘዋለች። ፊቷ ሲፈታ ማየት ብቻ ይበቃል።

ከባዱ ነገር ሰነድ ነው። ሊብሬ ኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ግን ሠንጠረዥና ገጽ ቁጥር የበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍ ይንሸራተታል። በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይልም ፎንቱ ከሌለ እንግዳ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ፒችትሪ የዊንዶውስ ብቻ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛን ወደ ሚንት አትውሰዱ። ኢንተርኔት፣ ፊልም፣ ደብዳቤ ለሚበቃው ሰው ግን ያለ ጭንቀት ምከሩት።

ክሮምቡክና ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ

እናቴን የወሰድኳት ወደዚህ ነው። እሷ የምትፈልገው ዩቲዩብ ላይ መዝሙር፣ ዜናና ውጭ ካሉት ልጆቿ ጋር መተያየት ነው። ክሮምቡክ በዊንዶውስ ፋንታ በጉግል ሲስተም የሚሠራ ላፕቶፕ ነው፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጫንበትም። ሲበራ ሲስተሙ እንዳልተነካ ራሱን ይፈትሻል። አፕዴቱንም በራሱ ያደርጋል። "ይስ" የሚባልበት ነገር ራሱ ጥቂት ነው።

ውጭ ያለ ቤተሰብ ያገለገለ ክሮምቡክ ገዝቶ ሊልክ ካሰበ ሁለት ነገር ያጣራ። የአፕዴት ማብቂያ ቀኑን ይይ። ጉግል በ2023 ከ2021 ወዲህ ለወጡ ሞዴሎች 10 ዓመት አፕዴት እንደሚሰጥ አስታውቋል፤ አሮጌዎቹ ግን ቀናቸው ያለፈ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ከትምህርት ቤት የወጣ ክሮምቡክ አንዳንዴ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ሳይሰረዝ ይሸጣል። ስታበሩት የትምህርት ቤቱን አካውንት ይጠይቃል፣ ፎርማት ብታደርጉትም ይመለሳል። አሜሪካ አምሮ የተገዛ ዕቃ አዲስ አበባ ደርሶ ባዶ ሣጥን ይሆናል። ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በራሳችሁ ጂሜይል ክፈቱት።

አሮጌ ዴስክቶፕ ካላችሁ የክሮምቡክን ዓይነት ሲስተም የሚሰጠው ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ ከ2022 ጀምሮ በነፃ ይጫናል። 4 ጊጋ ራም ይፈልጋል። የክሮምቡኩ የጉግል ደኅንነት ቺፕ የለውም፣ የአንድሮይድ አፕም አይጭንም። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት እጃቸው አጭር ነው። ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ቤት ይህን አስቡበት።

ምክርስ?

ምክር ብቻውን እንደማይሠራ ጋሼ ቤት አይቻለሁ። ግን ቁጣ ከምንም ይብሳል። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ጌም በክራክ ጫነ። ፋይሎቹ ሁሉ ስማቸው መጨረሻ ላይ የማያውቀው ቃል ተጨመረባቸው። ከዚያ በፊት በሌላ ነገር ተቆጥቼው ስለነበር ፈራኝ። 4 ቀን ደበቀ። በነዚያ ቀናት አባቱ ምንም ሳያውቁ የቤተሰቡን ፎቶ የያዘውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰኩበት። እሱም ተቆለፈ። የእህቱ የሠርግ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የማስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያልለመድከው ነገር ስክሪኑ ላይ ከመጣ ምንም አትንካ፣ በስልክህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ፎቶው ሲመጣ "ጎበዝ" እላለሁ። የጥያቄው ቂልነት አይታየኝም።

የትኛውንም ብትመርጡ አብረው የሚሄዱ

ባክአፕ ግዴታ ነው፤ የማይወደደው ክፍል ግን ዲስኩን መንቀል ነው። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር ይቆለፋል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሰክታችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።

ዋይፋይ ካለ ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረውን) 9.9.9.9 አድርጉ። ኳድ9 የሚባለው ነፃ አገልግሎት የታወቁ የቫይረስ ድረ ገጾች እንዳይከፈቱ ያደርጋል። የክላውድፍሌር 1.1.1.2 እንዲሁ ነው። ራውተር ላይ ስለሆነ ማንም ሳያውቅ አያጠፋውም። ለፍላሽ ግን ምንም አይሠራም።

ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ጫኑ። በክሮም ሴቲንግ ደግሞ ኖቲፊኬሽን መጠየቅን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ሁለቱ 5 ደቂቃ አይፈጁም።

ጋሼ ቤት ያደረግሁት

አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሚንት ጫንኩና መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥነው። የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ የሚሰካው እዚያ ነው። ፒዲኤፍ ከሆነ እዚያው ይታተማል። የዎርድ ፋይል ከሆነ ሰነዱ ብቻ ተመርጦ በቤቱ ንጹሕ ፍላሽ ወደ ዴስክቶፑ ይሄዳል። የዴስክቶፑ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ላይ ከውጭ የመጣ ማክሮ፣ ማለትም ሰነድ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም፣ እንዳይነሳ ዘግቼዋለሁ። ዴስክቶፑ ላይ ጋሼ ስታንዳርድ ተጠቃሚ ናቸው። ዲፕ ፍሪዝን አስቤ ተውኩት፤ እሳቸው ሥራቸውን ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፣ በ60 ዓመት ልማድ ይቀየራል ብዬ አላምንም።

በመጀመሪያው ሳምንት 6 ጊዜ ደወሉ። ሁለቱ ስለ ፕሪንተር ነበር፣ አንዱ ስለ ዙም። ከወር በኋላ ጥሪው ቀነሰ። ፓስወርዱን ለሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ራሳቸው "አትንገረኝ፣ ባውቀው ልጠቀምበት ነው" አሉኝ። ለክፉ ቀን ግን በወረቀት ጽፌ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጌ ባለቤታቸው ጋ አስቀምጫለሁ። እትዬ ፖስታውን የሚከፍቱት እኔ ስልክ ካላነሳሁ ብቻ ነው።